የእናቴ ክስ

እናቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆና፣ እዚያው ሆስፒታል በያዛት ኢንፌክሽን ቁስሏ መግሎ ለጥቂት ተረፈች። እኔም ወክያት ሆስፒታሉን ከሰስኩ። አንድ ቅዳሜ ኦፕራሲዮን ያደረጋት ወጣት ሐኪም ቄስ ይዞ እኛ እስከምንኖርባት ሙጃ ከተማ ድረስ መጣ። ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ጓንት ሳልቀይር ነው ቁስልዎን የነካሁት። ይቅር ይበሉኝ» አላት። አቅፋ ሳመችው። «ይቅር ብያለሁ ልጄ፣ በል ግባ፣ ብርዱ አይምታህ።»

ቄሱ ደስ ብሏቸው፣ «እንግዲህ ክሱም ይቅር» አሉ።

«እሱስ አይቀርም፣ አባ» አለች እናቴ። «ይቅርታው ለዚህ ልጅ ነው። ክሱ ግን ከእኔ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ ለምትተኛዋ ነው።»

እኔ ሐኪሙ ተቆጥቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ «እኔው ራሴ እመሰክርልዎታለሁ» አላት። ከታመመች ወዲህ እናቴ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።