የፈርን ምትክ ፈላጊ

ኖርማዬ፣ ሻዩን ጠንከር አድርጊልኝ እስቲ። የአሳማ ሥጋውንም ጠበስ አድርጊው፣ ባለፈው ጥሬ ነበር። ይሄ ዝናብ ዛሬ የሚያባራ ይመስልሻል? ሜዳው ጨቅይቶ የእሁዱ የውሾች ሩጫ እንዳይሰረዝ እኮ ነው የምፈራው...

ማን? መስኮቱ ጋ? አላየሁም፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ታውቂያለሽ። ይቀመጥ፣ ሻይ ቤትሽ ለሁሉም ነው። ቢሰማስ ምን ክፉ ነገር አወራን?

እኔማ ስለ አንድ ጎበዝ ሰው ላጫውትሽ ነው። ስሙን ተዪው፤ ጎበዝ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም። ፈርንን፣ ይቺን እግሬ ሥር የተኛችውን፣ ገና ቡችላ ሳለች ከኒውካስል ድረስ እየነዳ መጥቶ ከእኔ ወሰዳት። ልጆቼ የሚያቅፏት የቤት ውሻ ናት የምፈልገው አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን እዚህ መጥቶ፣ ውሾቻችን በገመድ የሚጎተተውን ጨርቅ እያሳደዱ ሲከንፉ አየና ፍቅር ያዘው። ማንን አይይዘውም?

እኛ ደነዞቹማ እንዴት ነው የምናስጀምረው? ጓሮ ውስጥ ዱላ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረን ቡችላዋን እናጫውታታለን። ሳይበቃት ጨርቁን እንደብቅባታለን፣ ነገም እንዲያምራት። ዓመት እስኪሞላት አጭርና ቀጥ ያለ ሩጫ እንጂ ኩርባ አናሳያትም፤ አጥንቷ ገና ነዋ! ኋላ ቀሮች ነን እቴ። እሱ ግን ጊዜ የሚያባክን ሰው መሰለሽ? በመጀመሪያው ቀን ኩርባው ላይ ለቀቃት። ደግሞ ለቀቃት። አሁንም ደግሞ... ምላሷ መሬት እስኪነካ። ውሃማ ሰጥቷታል፣ እሱ ከጠጣ በኋላ። «ደስ ብሏት እኮ ነው የምትሮጠው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የዚህ የሯጭ ዘር ውሻ እግሯ እየተሰበረም ቢሆን ጨርቁን ሳትይዝ አትቆምም። ይቺን ማወቅ ቀላል እውቀት ነው?

ታማኝነቱስ! የሩጫው ክለብ ዕድሜዋን ቢጠይቀው «ዓመት አልፏታል» አለ። እኔን ጠይቆ አላስቸገረኝም። ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ነው የተወለደችው፣ በዚህ እጄ ነው ያደረቅኋት... ግን ምናልባት ያን ቀን ቤት አልነበርኩም ይሆናል፣ ምን ይታወቃል?

ባለፈው እሁድ ኩርባው ላይ ስትጮህ ሰምተሻል አይደል? ሰው ሁሉ ደነገጠ። እሱ እቴ፣ ጀግና ነው፤ መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን ነው። «ሰዓቷን አሻሽላ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ነው እግሯን ያየው። ሐኪሙ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች አለን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አስሮልኝ ሄደ። አላንኳኳም፣ እንቅልፌ እንዳይረበሽ ሲያስብልኝ ነው። በሦስት እግሯ ተነስታ ጭራዋን ስትቆላልኝ አለቀስኩ፣ ኖርማ። አሁን ደህና ነኝ።

እና አሁን አንቺን አማላጅ አድርጎ ላከሽ? «ኤልሲ ከአዲሶቹ ቡችሎች ምትክ ትስጠኝ፣ ጠንካራዋን» ብሎ? አይ የውሻ ፍቅር! ምን ላድርግ ታዲያ፣ ለእሱ የሚሆን የለኝም በይው። የእኔዎቹ አራት አራት እግር ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱ ትርፍ ያስፈልገዋል።

ውይ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ተነሳ እንዴ? ምን አስቸኮለው? ሻዩን እንኳ አልጨረሰም...

ለዚያ ጎበዝ ግን ከልቤ ነው የምመርቀው። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ የልጅ ልጅ ይይ። ጉልበቱ የከዳው ቀን ደግሞ ጧሪ አያሳጣው። ልጆቹ ልክ እሱ ፈርንን እንደያዛት አድርገው ይያዙት።

አሜን በይ እንጂ፣ ኖርማ።