የቆርቆሮ ዝናብ

«ያ ኢርፋን፣ ውሃው ሞቀልህ? … ማሻአላህ። አትቸኩል፣ እኔ እጠብቃለሁ። የሽማግሌ ራስ ምን አስቸኳይ ጉዳይ አለው?»

አባ ደሬሳ ይህን ብለው ከፀጉር ቤቱ በር አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የጊንጆ ሰፈር ሰው እንደሚያውቀው፣ አባ ደሬሳ በቀን የሚናገሩት ቃል በጣት ይቆጠራል። «እህ» ካሉ ብዙ ተናገሩ ማለት ነው። ፊደል አልቆጠሩም። ዕድሜያቸውን የገፉት ቡና ሲያሰጡ፣ ሲያገላብጡና ሲያነሱ ነው። ዛሬ ከጊንጆ እስከ ሄርማታ በእግራቸው ሲመጡ ግን አንዲት ነገር አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷን ይዘሃት ሂድ።» በቃ፣ ይህቺው ናት።

ይህን ሊሉት የመጡት ሰው ከፀጉር አስተካካዩ ከኢርፋን ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተጋድሟል። ፊቱ እስከ ዓይኑ ድረስ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፤ ጉሮሮው ላይ ምላጭ አለ። የጅማን ከተማ ሰው ለሁለት የከፈለው፣ ዘፈን ያለበት የዚያ አዲስ ቲያትር ደራሲውም አዘጋጁም እሱ ነው። ነገ ማለዳ ቡድኑን ይዞ አዲስ አበባ ሊያሳይ ይሄዳል። አባ ደሬሳ ስሙን አልጠሩም፤ እኛም አንጠራም።

አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ ነገር አልወጣችም፤ ሌላ ወጣ።

«ዝናቡ ዘንድሮ ግራ የገባው ነው አይደል፣ ኢርፋን? ቡና የተሰጣ ቀን ይመጣል፣ የተነሳ ቀን ይጠፋል። … ስለ ዝናብ ካነሳን፣ እኔ በዕድሜዬ ቲያትር ያየሁት አንዴ ነው። አይ፣ ሁለቴ። ሁለተኛውን እደርስበታለሁ።

«የመጀመሪያውን የጋበዘችኝ የልጅ ልጄ ሳቢሃ ናት። ሥራ ተከፋፈልን፤ እሷ ልትዘፍን፣ እኔ ልቀመጥ። መቀመጥ ብቻ! አስበው እንግዲህ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው መቀመጥ አቃተው። ፊት ፊት ላይ ከረባት ያሰሩት ናቸው፤ ጡረተኛው መምህር አቶ ለይኩንም አለ። ኋላ ደግሞ ከአጋሮና ከሰቃ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ሕዝብ። እኔን ከጠርዙ ወንበር ላይ አኖረችኝ። ጠርዝ ላይ ያስቀመጡት ነገር ይወድቃል፤ ይህን እንኳ አላሰበችም ምስኪን።

«መጋረጃው ሲከፈት ምን አየሁ? የቡና አልጋ! እግሩ እንጨት፣ ላዩ ወንፊት፣ ቀይ ቡና ተሰጥቶበት። አይ፣ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው አልኩ። ሳቢሃ ለቃሚ ሆናለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ ሾፌር። ይዋደዳሉ። ደህና፣ ይዋደዱ። እጅ ለእጅ ተያይዘው መዝፈን ጀመሩ። ከዚያ ሰማዩ አጉረመረመ። መብራቱ ብልጭ አለ። ዝናቡ መጣ። እነሱ ይዘፍናሉ! … እስቲ ዱጋውን ንገረኝ፣ እውነቱን፣ ቡናው እየረጠበ የሚዘፍን ሰው አይተህ ታውቃለህ? ፍቅር ቀርቶ ቤት ቢቃጠል፣ ሰው መጀመሪያ ቡናውን ነው የሚያለብሰው።

«ከኋላ የአጋሮ ሰዎች ‹ቡናው! ቡናው!› ማለት ጀመሩ። እኔ አላልኩም። ታውቀኛለህ፣ እኔ ብዙ አልናገርም። ተነሳሁ። የተነሳው እግሬ ነው እንጂ እኔን አላማከረኝም። ጫማዬን ከወንበሩ ሥር አውልቄ ኖሮ፣ በካልሲ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጥግ ላይ ሸራ ተጠቅልሎ አይቻለሁ፤ ለጌጥ ይሁን ለምን እኔ ምን አውቄ? ጫፉን ይዤ ጎተትኩ።

«ሸራ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም። ብቻህን ብትጎትተው በዚያኛው በኩል ይጠቀለልብሃል። ዞር ስል ሳቢሃ የልጁን እጅ ለቃ ሌላኛውን ጫፍ ይዛለች። ‹አካኮ፣ ወዳንተ ሳበው!› አለች። አያት ሳለ ፍቅረኛ ማን ያያል? በስድስት ዓመቷ ያስተማርኳት ነው፤ ደመና ሲመጣ ጨዋታ የለም፣ ጫፍ ነው ያለው። ግጥም አድርገን አለበስነው። ዳሩን ነፋስ እንዳይገልጠው የምጭንበት ድንጋይ ስፈልግ እጄን ከሸራው ሥር ሰደድኩ…

«ጠጠር ነው፣ ኢርፋን። ቀይ ቀለም የተቀባ ጠጠር። ዝናቡስ? ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰውዬ ቆርቆሮ ያርገፈግፋል። ጠጠር ከቆርቆሮ አዳንኩ! በዚህ አገር እንደኔ ያለ ጀግና አለ?»

ኢርፋን ሳቁን ለመዋጥ ምላጩን ለአፍታ አነሳ። ከአረፋው መሃል አንድ ዓይን ተከፍቶ አባ ደሬሳን በመስታወቱ ውስጥ አየ። አባ ደሬሳም ያቺን ነገር አሁን ሊሏት ነበር። ግማሿን እንኳ ብለዋታል ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናግረዋል። የቀረችው የልጅቷ ግማሽ ናት። ዓይኑ ግን ተመልሶ ተከደነ። እንደ ሱቅ ተዘጋ። አባ ደሬሳ ኮፊያቸውን አንዴ አዙረው ቀጠሉ።

«እና ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የኋላው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበ፤ የፊተኛው ተቀምጦ አፈረ። አቶ ለይኩን ‹ቲያትር በማያውቅ ሕዝብ ፊት ቲያትር!› ብሎ ወጣ። እኔን እያየ ነው ያለው፤ ልክ ነው፣ ማንን ይይ ታዲያ? ጨርቅ ነጋዴዋ ፈሂማ ደግሞ ‹አባ፣ እኔ ያለቀስኩት እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነው› አለችኝ። ሁለት የቦሳ ኪቶ ሰፈር ወንድማማቾች ባጃጅ ውስጥ በኔ ጉዳይ ተጣልተው አንዱ መንገድ ላይ ወረደ አሉ። በኔ ጉዳይ! ለውርስ እንኳ የማልበቃ ሰው ወንድማማች አጣላሁ። እዚህ ታች ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋ ሳልፍማ ሥራቸውን ትተው ‹አባ ደሬሳ፣ ዘነበ!› እያሉ ይደልቁልኛል። እኔም እጄን አነሳላቸዋለሁ። ምን ላድርግ? ዝነኛ ሰው ሰላምታ አይነሳም።

«ያን ሁሉ የደከመበት ሰው ግን… እሱ ልበል፣ እሳቸው ልበል? የተማረ ሰው በዕድሜ አይለካም፤ እሳቸው ይሁኑ። እሳቸው ጨዋ ናቸው። አልሰደቡኝም። አንዲት ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ሳቢሃን ብቻ ‹ከነገ ጀምሮ አትምጪ፤ ሚናሽን ጥለሻል› አሏት። ልክ ናቸው እኮ! ጥላለች። ቡና ለቃሚ ሁኚ ተባለች፣ ቡና ለቃሚ ሆነች። ከዚህ የባሰ ጥፋት አለ እንዴ?

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኙስ ሸራውን አልለቀቀም፤ ሕዝቡ ሁሉ አይቷል። ወረቀት የያዘው ነው… አይ፣ ልተወው። እኔ ማንበብ አልችልም። ወረቀቱ ላይ ‹ልጅቷን ልቀቅ› የሚል ተጽፎ ከሆነ በምን አውቄ?

«ጭንቅላታቸውማ፣ ማሻአላህ! ሰዎች በስልክ አሳዩኝ። አንዲት ጋዜጠኛ ጠየቀቻቸው። ‹ያ ሽማግሌ ከተመልካች መሃል ተነስቶ ቡናውን የሚያለብስበትን ቦታ እንዴት አሰቡት?› አለች። ‹ሦስት ወር ፈጅቶብኛል› አሉ። ሦስት ወር! አሳዘኑኝ። እኔ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ይኸው ነው እንግዲህ፣ የተማረና ያልተማረ ልዩነቱ።

«ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ያንን ቦታ ለማየት ነው። ሳቢሃ ጎኔ ተቀመጠች፣ ገመድ የሚበጥስ ፍየል እንደያዘ ሰው እጄን ጨብጣ። ሳይጀመር በማይክ ተነገረ፦ ‹የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ እስከ መጨረሻው ከመቀመጫችሁ እንዳትነሱ በትህትና እንጠይቃለን።› ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስሜ ሳይጠራ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን የለም። ከዚያ ዝናቡ መጣ። እኔም ተነሳሁ።

«አይ፣ እኔስ ተቀምጫለሁ። የተነሳው ሌላው እኔ ነው። ከኔ ረዘም ይላል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጢሙ ጥጥ ነው። እንደኔ ማንከሱ ራሱ ያምርበታል። ከበሮ በሰው እጅ ያምራል ይሉ የለ? የኔም ሞኝነት በሰው እጅ ሲያዝ አማረ። በካልሲ መውጣቱን እንኳ አልረሱም! ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ አንዲት አዲስ ልጅ ይዛለች። ቆንጆ ናት፣ ድምጿ ማር ነው። ሸራውን ብቻ መሃሉን አርግባ፣ ውሃ የሚያቁርበት አድርጋ ነው የያዘችው። ሳቢሃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹አካኮ፣ ተዳፋት የለውም እኮ› አለችኝ። ‹ዝም በይ፣ ተቀመጡ ተብለናል› አልኳት።  ጣቷ ግን እጄ ላይ እንደተጨበጠ ነበር… ጫፍ እንደያዘ።

«ጭብጨባውን ብታየው! ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት። አቶ ለይኩን አጨበጨበ። የአጋሮም ሰው አጨበጨበ። ከተማው ታረቀ፣ አልሃምዱሊላህ። ‹ቡናው!› ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ለምን ይላል? ጠጠር መሆኑን ሁሉም አውቆት የለ?»

ኢርፋን ምላጩን ጠርጎ አስቀመጠ። ከሙቅ ውሃ ውስጥ ፎጣ አውጥቶ ጨመቀና የሰውየውን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ አለበሰው። አሁን አንድ ዓይን እንኳ የሚታይ የለም። ፎጣው አፉ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

አባ ደሬሳ ተነሱ። ራሳቸውን አልተላጩም። ሳቢሃ ለአዲስ አበባው ጉዞ ምናልባት ይጠሩኛል ብላ ሻንጣዋ ውስጥ አጣጥፋ ያኖረችውን ቀሚስ ዛሬ ማለዳ አውጥታ መልሳ ስትሰቅል አይተዋል፤ ለዚህ ነው የመጡት። ያቺን ግማሽ ነገር እስከ በሩ ድረስ ይዘዋት ሄዱ። በሩ ላይ ዋጧት። ኮፊያቸውን አጥልቀው ዞር አሉ።

«ሳቢሃ? ደህና ናት። ጠዋት ቡና ስታገላብጥ ትቻት መጣሁ። እየዘፈነች ነበር። ለማን ትለኛለህ? ለቡናው። ደመና ሲመጣ ታቆማለች፣ ምን ችግር አለው?

«ራሴን ሌላ ቀን ታስተካክለዋለህ፣ ኢርፋን። ዛሬ ደንበኛህ መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱን ጥሩ አድርገህ አብራለት። ማን እንደሆነ በዚያ ሁሉ አረፋ መሃል እኔ በምን ለየሁት? ማንም ይሁን፣ መንገደኛ ሳይመርቁ መውጣት ደግ አይደለም። … አላህ መንገዱን ያቅናለት። የሄደበት አዳራሽ ይሙላለት። ቆርቆሮው አይዛግበት፣ የጠጠሩ ቀለም አይልቀቅበት። ዕድሜ ይስጠው፣ እኔን ያክል ይኑር። አንድ ቀን ደግሞ፣ መቼም የማይደርስበት የለም፣ የራሱ ቡና ተሰጥቶ ሳለ የእውነቱ ዝናብ ሲመጣበት… ሕዝቡ ሁሉ ጨዋ ይሁንለት። አንድም ሰው ከመቀመጫው አይነሳበት።

«አሚን በል፣ ኢርፋን። እሱ አፉ ተሸፍኗል፤ ለሱም ጭምር በልለት።»