ጣውንቴና የእንግሊዝኛው ክፍል
በደርግ ጊዜ ነው። ትንሿ ጣውንቴ ዘሃራ ደሴ እንግሊዝኛ ትማር ነበር፤ ባላችን ኮምቦልቻ ሱቁ ለገባ ሁሉ ስሟን ሲያነሳ ይውላል። አንድ ቀን አስተማሪው የሚቆጠርና የማይቆጠር ነገር አምጡ ቢላቸው፣ የእኔን እንቁላልና የእኔን ማር ይዛ ሄደች። ተከትያት ክፍሉ ገባሁ። "ሜኒ ኤግስ፣ ማች ሀኒ" ስትል አጨበጨቡላት።

"ዶሮዎቹም ቀፎዎቹም የኔ ናቸው፤ የምን ጭብጨባ ነው ለሷ?" አልኩ።

አስተማሪው ሳቅ ብሎ፣ "እንግዲያስ እርስዎ ይበሉታ" አለኝ።

ወላሂ፣ አንዲት ቃል ሳልስት አልኩት። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችልኝ ዘሃራ ናት፤ "ጎበዝ፣ እታለም! እኔ እኮ ሳምንት ፈጅቶብኛል" እያለች። ልጣላት ሄጄ የምጣላበትን አሳጣችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።