እንግዳችን ቤቱን አሳመረችልን

ልብሱን እዚያ ጥግ ላይ አስጪው እህቴ፣ ፀሐዩ ከዚያ ቶሎ አይነሳም። እኔማ በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ መስፋት ቢያቅተኝ መኪናዬን ይኸው መስኮቱ ስር አወጣሁት። ልጆቹ ደህና ናቸው? የትንሿ ጥርስ ወጣ? ተመስገን።

መስኮቱን ነው? ለምን ይዘጋል፣ ትንሽ አየር ይግባበት እንጂ። ውስጥ እንግዳችን ጋደም ብላለች። ደክሟታል… እንዴት አይደክማት? ለእረፍት ብላ እናቷ ዘንድ መጥታ፣ ሻንጣዋን እንኳ በቅጡ ሳትፈታ፣ ስንት ሥራ! እኔና ባሌ ይህን ያህል ዓመት ከእማማ ጋር ተቀምጠን ያልታየንን ሁሉ እሷ በአንድ ቀን አየችው። ዓይን ብሎ ዝም ነው።

ቤቱን ገብተሽ አላየሽውማ። ብትገቢም አታውቂውም። ያ ከእማማ አልጋ አንስቶ ግድግዳውን ይዞ የሚሄደው አሮጌ አግዳሚ ወንበር ጓሮ ተጣለ፣ አዲስ ሶፋ ተገዛ። ቁም ሳጥኑ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ ማዶ ሄደ። መሀል ላይ የመስታወት ጠረጴዛ ተቀመጠ፣ ጥርት ያለ፣ እንኳን የእማማ ዓይን የኔም አያየውም። ጉልበቴን ሁለቴ አግኝቶኛል… ቤቱ ካማረ የኔ ጉልበት ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ፎቶም ተነሱ። እማማን አዲሱ ሶፋ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ፣ አቅፋቸው። ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ሲያምሩ!

እኔ ምን አገባኝ፣ ምራት ነኝ። በእናትና በልጅ መሀል አልገባም። ብቻ ታውቂ የለ፣ እማማ ዓይናቸው ከከዳቸው ወዲህ ቤቱን የሚያዩት በእጃቸው ነበር። ከአልጋው ራስጌ ወደ አግዳሚው መደገፊያ፣ ከአግዳሚው ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ከዚያ የበሩ እጀታ። ማንንም አይጠሩም። ውሃቸውን ራሳቸው ይቀዳሉ፣ መጸዳጃ ቤት ራሳቸው ደርሰው ይመጣሉ፣ በር ላይ ወጥተው ካንቺ ጋር ይጫወታሉ። አሁንማ አረፉ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። እንግዳችን ትናንት በስልክ ለጓደኛዋ ስትነግር ሰማኋት፣ «እናቴ ድሮ ስትንጎዳጎድ ነበር የምትውለው፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ተረጋጋች» ስትል። እውነቷን ነው። መሄጃው የጠፋበት ሰው አይረጋጋም?

ውሃም ቀንሰዋል። ከጠጡ መነሳት አለ፣ ለመነሳት ሰው መጥራት አለ። በገዛ ቤታቸው ምሪኝ ማለት… እኔ ይህን ሳስብ አንጀቴ… ቆይ፣ ክሩ ተበጠሰ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ሶፋው። የመጣ ቀን እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉኝ። አረንጓዴ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ድምፅ ዞረው «ልጄ፣ ይህን የመሰለ አረንጓዴ ከየት አገኘሽው?» አሉ። እንግዳችን ደስታዋን አልቻለችውም፣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ… አብሬያት ነዋ።

ለምን አልነገራችኋትም ልትይኝ ነው? በስልክማ እማማ ራሳቸው «ትንሽ ብዥ ይልብኛል እንጂ ደህና ነኝ» ነው የሚሏት፣ በሩቅ ሆና እንዳትጨነቅ። ግን አንድ ገበታ ላይ ለሚበላ ሰው ይነገራል እንዴ? እጃቸው ማንኪያውን ሲዳብስ አይታይም? ደግሞ በምን ጊዜዋ ትየው… ስልኩ አለ፣ ፎቶውን ያደነቀውን ሁሉ ማመስገን አለ። ሥራ በበዛበት ሰው አይፈረድም።

ባሌማ ትናንት ሁሉን ወደ ቦታው ሊመልስ ተነስቶ ነበር። አግዳሚውን ከጓሮ ሲጎትት እማማ ድምፁን ሰሙ። «አትንኩባት» አሉ። «ለኔ ብላ ነው የለፋችው፣ ደስ እንዳላት ትሂድ። እስክትሄድ መቀመጥ አያቅተኝም።» ሰማሽ? ሌላዋ እናት ልጄ ልትሄድብኝ ነው ብላ ታለቅሳለች። የኛዋ ደግሞ ልጃቸው እስክትሄድ ይጠብቃሉ… ብድግ ለማለት።

ዛሬ ጠዋት እንግዳችን ምን ብትል ጥሩ ነው? እረፍቷን ልታራዝመው ነው። እናቴን አልጠገብኳትም አለች። እማማም እሰይ አሉ… እዚያው እንደተቀመጡ።

ምነው ዓይንሽ መስኮቱ ላይ ቀረ? መጋረጃው ነው፣ ነፋስ ይሆናል። ብትነቃም ምን ክፉ ነገር አወራን? እንዲህ ለእናቷ የምትሆን ልጅ መመረቅ ነው ያለባት። ዕድሜና ጤና ይስጣት። እንደ እናቷ ፀጉሯ ይሸብት፣ እንደ እናቷ ልጆቿ ከሩቅ እየመጡ ይጠይቋት። እሷ ለእናቷ የሆነችውን ያህል ልጆቿም ለሷ ይሁኑላት፣ ምንም ሳያጎድሉ።

አሜን በይ እንጂ እህቴ። ምርቃት እኮ ነው።