መምሬ ኅሩይ እና የንስሐ ልጃቸው በራጅ ክፍል

(በአንዲት የጎጃም ከተማ ሆስፒታል፣ የራጅ ክፍል። አንጀታቸውን ሊመረመሩ የመጡት መምሬ ኅሩይ ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘው ቆመዋል፤ የራጅ ባለሙያው ደረበ የንስሐ ልጃቸው ነው።)

መምሬ ኅሩይ፦ አልተኛም አልኩህ! ሌላ ሰው ጥራልኝ።

ደረበ፦ ያለችው ሲስተር ገነት ናት፣ አባቴ። ልጥራት?

መምሬ ኅሩይ፦ ሴት? አፍህን ሰብስብ!

ደረበ፦ እንግዲያው እኔው ነኝ። ሱሪዎን ያውልቁና ይህን ጋውን ይልበሱ። ከኋላ ክፍት ነው።

መምሬ ኅሩይ፦ ከኋላ ክፍት! የሰፋው ሰው ያለቀበት ጨርቅ ነው ወይስ እፍረት?

ደረበ፦ ጥምጥምዎን አልነካም።

መምሬ ኅሩይ፦ ተመስገን ልበላ! ራሴን ሸፍኜ መቀመጫዬን ላሳይህ!

ደረበ፦ ከትናንት ወዲህ ከውሃ ሌላ የቀመሱት አለ? የሚያስቀምጠውን መድኃኒትስ ጠጥተዋል?

መምሬ ኅሩይ፦ ጾም ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ? መድኃኒትህ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ነው ያደረው። አሁን ምን ልታደርገኝ ነው? ሳትሸፋፍን ንገረኝ።

ደረበ፦ በግራ ጎንዎ ይተኛሉ። ከኋላ ቀጭን ቱቦ አስገባለሁ። በቱቦው ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይገባል፤ የተበጠበጠ ኖራ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጥቂት አየር እነፋለሁ። ያለ እሱ አንጀት በራጅ ተለይቶ አይታይም።

መምሬ ኅሩይ፦ ያማል?

ደረበ፦ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል። ሽንት ቤት ሩጥ ሩጥ ይልዎታል፤ ይያዙት። ይዙሩ ስልዎት ይዞራሉ፣ ትንፋሽ ይያዙ ስልዎት ይይዛሉ። ሲያበቃ ውሃ በብዛት ይጠጣሉ፣ አለዚያ ፈሳሹ ሆድዎ ውስጥ ይደርቃል። አንድ ሁለት ቀን ሰገራዎ ነጭ ቢሆን አይደንግጡ።

መምሬ ኅሩይ፦ ጠረጴዛው ላይ ቢያመልጠኝስ?

ደረበ፦ ይታጠባል። የስንቱን አጥቤያለሁ!

መምሬ ኅሩይ፦ እሁድ መስቀል ልትሳለም ስትመጣ ይህን እያሰብህ!

ደረበ፦ እኔስ ስንት ጉዴን ዘርግፌልዎት የለ? በማግስቱ ዓይንዎን እያየሁ ተሳልሜያለሁ። አንዲት ሳታስቀር ተናገር ያሉኝ ማን ነበር?

መምሬ ኅሩይ፦ እሱ ሥርዓት ነው! ንስሐን ከቱቦ ጋር አታነጻጽርብኝ!

ደረበ፦ ይቆጡ፣ ቁጣዎን ለምጄዋለሁ። ሲፈሩ ግን ዛሬ ገና አየሁ።

መምሬ ኅሩይ፦ ማን ፈራ?

ደረበ፦ ጋቢዎን እስካሁን አልለቀቁም። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ማንንም ሳልጠይቅ አልጀምርም። ሲጸዳዱ ደም ያያሉ?

መምሬ ኅሩይ፦ ሐኪሙ ጠይቆኛል። የለም ብያለሁ።

ደረበ፦ አሁን የጠየቅሁዎት እኔ ነኝ።

መምሬ ኅሩይ፦ ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ እንደማይገባ ታውቃለህ አይደል? ከዲቁና ጀምሮ ከቆምሁበት መቅደስ ውጣ ልትለኝ ነው?

ደረበ፦ እንግዲያው አለ ማለት ነው።

መምሬ ኅሩይ፦ አለ የሚል ከአፌ አልወጣም!

ደረበ፦ አባቴ፣ ደሙ ከዕጢ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ካላወቀ ሆድ ድርቀት ነው ብሎ ሊሸኝዎት ይችላል። ለፋሲካ ቀድሰዋል፣ እኔም ቆርቤያለሁ። ያኔም ደሙ ነበረ?

መምሬ ኅሩይ፦ በሩን ዝጋው።

ደረበ፦ ተዘግቷል።

መምሬ ኅሩይ፦ እንካ፣ ጋቢውን ያዝልኝ። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ነው። ለደብሩ አለቃ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ለሐኪሙ ደውል።