የሮቶው ክዳን

ደሴ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፤ ወይዘሮ ሐዋ ባዶ ብርጭቆ ይዛ ሳሎኑ በር ላይ ቆማለች፣ ልጇ ሙና ሬዲዮና ላፕቶፕ በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች።

ሐዋ፦ ሙና፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ሮቶ ክዳኑ የት ሄደ?

ሙና፦ የት ይሄዳል? እዚያው ነው።

ሐዋ፦ እዚያው የለም። አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሙና፦ ውይ፣ እሱማ ተውሼው ነው። እዚያው ጣሪያው ላይ ያለው የአንቴናው ሳጥን ላይ ደፋሁት፣ ዝናብ እንዳይገባበት። ልክ ለሱ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሮቶው ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጣል አድርጌበታለሁ።

ሐዋ፦ ቆርቆሮሽ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወድቋል። እስቲ ይችን ብርጭቆ እያት።

ሙና፦ ምን አላት?

ሐዋ፦ ላባ። ጠጥቼ ስጨርስ ነው ያየሁት፣ ከንፈሬ ላይ ተለጥፎ።

ሙና፦ ትንሽዬ ላባ ናት እኮ እማ። ነፋስ አምጥቷት ይሆናል።

ሐዋ፦ እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። መሰላሉን ወጥቼ አየሁ። ርግብ ናት። ሆዷ ተነፍቶ፣ ክንፏን ዘርግታ ትንሳፈፋለች። አንድ ዓይኗ የለም።

ሙና፦ ያረቢ።

ሐዋ፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እሷና አላህ ይወቁ። በዚያ ውሃ ሻይ አፍልቻለሁ። ሩዝ ቀቅያለሁ። ኡዱ አድርጌበት ሰግጃለሁ። ሶላቴም ከሆዴ ጋር ተበላሸ።

ሙና፦ ሻዩ ፈልቶ የለ? ከፈላ ምንም አያደርግሽም።

ሐዋ፦ የርግብ ሾርባም ይፈላል። ተነሺ፣ ያንን ሽቦ ከነሳጥኑ አውርጂና ክዳኔን መልሺልኝ።

ሙና፦ አሁን አይሆንም። እነ ነስሩ ካምፓቸው ውስጥ ጄኔሬተር የሚያስነሱት በዚህ ሰዓት ነው። አሁን ካመለጠኝ ዛሬም ሳናገኘው ማደራችን ነው።

ሐዋ፦ ትናንትም እንደዚሁ ብለሽ ነበር። ከትናንት ወዲያም።

ሙና፦ ትናንት ተራራው ላይ ያለው የሬዲዮ ክበባችን መሣሪያ ባትሪው ደክሞ ነበር። ዛሬ ቀይረውታል።

ሐዋ፦ ጎርፍ ያንን የሚያህል የስልክ ማማ ጥሎ ጉድጓድ ሊቆፍር የሄደ ልጄን ከነበረሃው ዘግቶብኛል። አንቺ በዚህ የምሳ ዕቃ በምታህል ሳጥን ልታገኚው ነው?

ሙና፦ ይሄ ስልክ አይፈልግም፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? የምጽፈውን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የተራራው ሬዲዮ ይሰማና ወደ ነስሩ ያሻግረዋል። ነስሩ አምሳያውን ይዞ ነው የሄደው። አብረን ስንሠራው አይደል ሳሎኔ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ ብለሽ ያባረርሽን?

ሐዋ፦ እስከ ዛሬ ይሸታል። መጋረጃው ላይ ቀርቷል።

ሙና፦ እሺ፣ ዝም በይልኝ። ልጠራው ነው።

ሐዋ፦ አስቀያሚ ነገር። ምንድን ነው ይሄ ድምፅ? ድመት የዋጠችውን ፀጉር ስታስመልስ እንዲህ ነው።

ሙና፦ ሬዲዮው እያወራ ነው።

ሐዋ፦ ካወራስ እንደ ሰው አያወራም?

ሙና፦ አብሽሪ፣ መለሰ። ተራራው መለሰ። ተገናኝታችኋል ይላል።

ሐዋ፦ ከተራራ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ? ልጄስ?

ሙና፦ አሁን በተራራው በኩል እሱን እጠራዋለሁ። ይኸው... እምቢ አለ። ቆይ፣ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል።

ሐዋ፦ እምቢ ካለ እምቢ አለ ነው። ዝጊው፣ ሙና። ባትሪ አብሪልኝና ርግቧን እናውጣ።

ሙና፦ ርግቧ ሞታለች፣ የትም አትሄድም። ትንሽ ብትቆይ ምን አለ?

ሐዋ፦ ውሃው ውስጥ እየፈረሰች ነው። ሳስበው ጉሮሮዬ ላይ ትመጣለች።

ሙና፦ እማ፣ ርግቧን ሰበብ አታድርጊያት። ፈርተሽ ነው።

ሐዋ፦ ምን ያስፈራኛል?

ሙና፦ መልሱ። እንዳገኘው ትፈልጊያለሽ፣ ላገኘው ስል ዝጊው ትያለሽ። ከትናንት ወዲያ ሶኬቱን ማን ነቀለው? መብራት ጠፋ ብለሽ ሸወድሽኝ። ደግሞ ሰሞኑን የግቢውን በር ክፍት ታሳድሪያለሽ። ሌባ ቢገባስ?

ሐዋ፦ ሌባ ገብቶ ምን ይወስዳል? ርግቧን?

ሙና፦ ነስሩ ቁልፍ አለው። በሌሊት ቢመጣም ከፍቶ ይገባል። በር ክፍት ማሳደር አያስፈልግሽም።

ሐዋ፦ ለነስሩ ብዬ አይደለም።

ሙና፦ ለማን ነው ታዲያ?

ሐዋ፦ አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሽውም። አባትሽ ጅማ ጭነት አድርሶ ሲመለስ የሞተ ጊዜ፣ ስደውል ደህና ነው ይሉኛል። ትንሽ አሞት ተኝቷል ይሉኛል። ተቀብሮ ነበር። ምግብ በልቷል እንኳ ብለውኛል። ከዚያ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥተው በሩን አንኳኩ። ቀስ አድርገው፣ ሰው እንደማይቀሰቅስ ሆነው። ስከፍት ግቢው ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል።

ሙና፦ እማ...

ሐዋ፦ መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። ያ ማንኳኳት ከጆሮዬ አልወጣም። አሁን ከመጡም ክፍት ነው፣ ሳያንኳኩ ይግቡ ብዬ ነው።

ሙና፦ ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው የምታድሪው?

ሐዋ፦ ምን አፈጠጥሽብኝ? ዕቃሽን እዪ፣ ድመቷ እንደገና እያስመለሰች ነው።

ሙና፦ ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። እሱ ነው። ነስሩ መስመር ላይ ገባ።

ሐዋ፦ ምን ይላል?

ሙና፦ «ደህና ነኝ» ይላል።

ሐዋ፦ የቱ ጋ? ይሄ? ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ትል የሄደበት?

ሙና፦ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው። ዕቃው የኛን ፊደል አያውቅም።

ሐዋ፦ ነስሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?

ሙና፦ በመጥሪያ ስሙ ነው የገባው። የሱ ሬዲዮ ነው።

ሐዋ፦ ሬዲዮው የሱ ይሁን፣ ጣቱስ? ጓደኞቹ ቢሆኑስ? መንገድ እስኪከፈት እናቱ አትደንግጥ ብለው ተቀምጠው ቢጽፉስ? ለአባትሽም ደህና ነው ነው ያሉት። ይሄን ቃል አላምነውም።

ሙና፦ እንግዲያው ጠይቂው። እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር።

ሐዋ፦ ሌላ ሰው ይሰማል?

ሙና፦ የክበቡ ሰው በሙሉ ያነበዋል። በዚህ ምስጢር አይላክም፣ ደንቡ ነው።

ሐዋ፦ በቃ፣ የቀረኝ እሱ ነበር። እሺ ጻፊ። የመጀመሪያ ጥርስህ የወለቀ ቀን ጣሪያ ላይ ምን ወረወርን በይው።

ሙና፦ ጥርስ ነዋ። ልጅ ሁሉ የወለቀ ጥርሱን ነው ጣሪያ ላይ የሚወረውረው። ይሄንን ማን ያጣዋል?

ሐዋ፦ ጻፊ አልኩሽ።

ሙና፦ ጻፍኩ። ሄደ።

ሐዋ፦ ምን አለ?

ሙና፦ ገና ነው። ከዚህ ተራራው፣ ከተራራው እዚያ። ጊዜ ይወስዳል።

ሐዋ፦ እሱ ካልሆነ ጥርስ ይላል። ጥርስ ካለ እንዳታነቢልኝ። ዝም ብለሽ ላፕቶፑን ክደኚው፣ ይገባኛል።

ሙና፦ እጄን ልቀቂኝ፣ አመመኝ። መጣ። ሃሃሃ ብሎ ነው የጀመረው።

ሐዋ፦ አንብቢው።

ሙና፦ «ጠጠር» ይላል።

ሐዋ፦ ቀጥዪ።

ሙና፦ «ጥርሴ ገንፎው ውስጥ ወድቆ ነበር። ትራፊዬን ስትበዪ ዋጥሽው። እንዳላለቅስ ብለሽ ጠጠር ወረወርን። ለማንም እንዳትናገር ብለሽ አስምለሽኝ ነበር፣ አሁን ራስሽ አስለፈለፍሽኝ።» እማ፣ እውነት ነው?

ሐዋ፦ አልሃምዱሊላህ። አልሃምዱሊላህ። እሱ ነው።

ሙና፦ የሰው ጥርስ ውጠሻል?

ሐዋ፦ ያልሟሟ ጨው መስሎኝ ነው።

ሙና፦ ጥርስ ስትውጪ ምንም አላልሽ፣ ለአንዲት ላባ ነው ቤቱን የምታናውጪው?

ሐዋ፦ እሱ የልጄ ጥርስ ነው። ርግቧን አልወለድኳትም።

ሙና፦ የክበቡ ሰው ሁሉ አንብቦታል፣ እወቂው። ነገ ገበያ ስትሄጂ ጥርስ በይዋ መጣች ነው የሚሉሽ።

ሐዋ፦ ይበሉ። እነሱም ርግብ ይጠጡ። ሌላ ምን ይላል?

ሙና፦ ጎርፉ ከካምፓቸው በታች ነው ያለፈው። ሁሉም ደህና ናቸው። የሚቆፍሩት ጉድጓድ ውሃ አውጥቷል። ግን ውሃው እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ አፍንጫችንን ይዘን ነው የምንጠጣው ይላል። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ይልሻል።

ሐዋ፦ እህትህ ክዳኔን ሰርቃ የሞተ ወፍ አጠጣችኝ በይው። ያንተ እንቁላል ከእኛ ይሻላል በይው። መንገድ ሲከፈት እንጂ አሁን እንዳይነሳ። ወንዝ እንዳይሻገር። በጭነት መኪና ላይ እንዳይሳፈር። ጻፍሽው?

ሙና፦ ቀስ በይ፣ ገና «ወንዝ» የሚለው ላይ ነኝ። ጻፍኩት። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ነው ብሎ ተሰናብቷል። ነገ በዚሁ ሰዓት ይገባል።

ሐዋ፦ ነገም?

ሙና፦ ነገም። ግን ክዳንሽን ከፈለግሽ አሁን አወርደዋለሁ። ዝናቡም መጣ መሰለኝ።

ሐዋ፦ ሳጥኑ ቢረጥብ ምን ይሆናል?

ሙና፦ ይቃጠላል። በቃ፣ አበቃለት።

ሐዋ፦ ክዳኑን እንዳትነኪው። ሮቶው ላይ ትልቁን ሳፋዬን ድፊበት፣ ድንጋይ ጫኚበት። ውሃውን ነገ ደፍተን በበረኪና እናጥበዋለን። ርግቧን ግን አሁን ታወጫታለሽ።

ሙና፦ በዚህ ጨለማ? በምን?

ሐዋ፦ በእጅሽ።

ሙና፦ ፌስታል እንኳ ልጠቅልልበት።

ሐዋ፦ እሺ፣ በፌስታል። ውጪ፣ መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።

ሙና፦ ይኸው ወጣሁ። ኧረ እማ፣ ይሄ ሽታ። ክንፏ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ሐዋ፦ እሱን ነው የጠጣሁት። ወደ ፊትሽ አታስጠጊው፣ ወደ ጓሮ ወርውሪው።

ሙና፦ ወረወርኩት። ሳፋውንም ደፋሁት። እማ? መሰላሉን ለቀሽ የት ሄድሽ? ያ ሲጥ የሚለው ምንድን ነው?

ሐዋ፦ የግቢው በር መቀርቀሪያ ነው። ሰሞኑን ስላልተነካ ዝጎ አስቸገረኝ እንጂ ገብቷል። ቆለፍኩት፤ አሁን የሚያንኳኳ ያንኳኳ።