ቢጫ የሆነው ገደል

የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ የቁልቁለቱን ሁኔታና የአፈሩን ዓይነት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የትኛው ሰፈር ሊንሸራተት እንደሚችል ካርታ ማውጣት ነው። ቀይ አደጋ ነው፣ ቢጫ ግን ብዙም አያሰጋም። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች ያለው የወንዝ ዳር ኮምፒውተሩ ላይ ደም መስሎ ነበር፤ አትመን ነዋሪው የተሰበሰበበት አዳራሽ ስንሰቅለው ግን ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። አለቃዬ ካርታውን ሲያይ ፊቱ በራ። ማይኩን አነሣና «አያችሁ፣ አምና ቀይ የነበረው ሰፈራችሁ ዘንድሮ ቢጫ ሆኗል። ሠርተን አሳይተናል» ብሎ አበሰረ። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ነገር ቢኖር ስብሰባ ነው።

ጠጋ ብዬ «ኧረ አደጋው አልቀነሰም፤ የማተሚያው ቀይ ቀለም አልቆ ነው» አልኩት በጆሮው። እሱም ማይኩ እጁ ላይ መሆኑን ረስቶ «እሰየው ቀይ ቀለሙ አለቀ፤ በቃ እንዳይገዛ» አለኝ። ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ እባክህ ለግድግዳዬም ንገርልኝ» አሉት። «ቀለሙ ማለቁን አልሰማም መሰለኝ፣ አሁንም ይሰነጠቃል።»